ኪልትና የሞድ ማስታወቂያ



የስኮትላንድ ወንዶች ኪልት የሚሉትን ባለ ሽንሽን የሱፍ ጉርድ በሞድ ማስታወቂያ ላይ ያየ ሰው፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ደረቱን ገልጦ ጉም በሸፈነው ተራራ ላይ የቆመ ጦረኛ፣ ወይም ነፋስ ልብሱን ሲገልበው የሚሣቅበት ሰው።

ዳሩ ግን የልብሱ ታሪክ ለሣቅ የሚሆን አይደለም። የብሪታንያ መንግሥት በ1745 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ ዓመፅ ስለ ተነሣበት፣ በ1746 ባወጣው ሕግ ከወታደር በቀር ኪልት ለብሶ የተገኘ ወንድ 6 ወር እንዲታሰር፣ ዳግመኛ ቢገኝም ለ7 ዓመት ወደ ባሕር ማዶ እንዲጋዝ አዘዘ። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። ዛሬም ብዙው ስኮትላንዳዊ ሙሽራ ከላይ ኮትና ክራባት አድርጎ፣ ከታች ኪልቱን ታጥቆ በክብር ይዳራል። ማስታወቂያ ሠሪዎች ይህን ሰው ለምን አያሳዩንም?

ሱሪ ያልሆነ ሁሉ ለወንድ አይገባም ማለትም አለማወቅ ነው፤ በአገራችን አፋሩ ሽርጡን አገልድሞ ሲሄድ ወንድነቱን የሚጠራጠር የለም።

ስለዚህ ነጋዴዎች ልብሱን ይሽጡ፤ የለባሹን ክብር ግን አብረው ባይሸጡ መልካም ነው።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ