ቀባሪ አለ፤ ጧሪ የለም

አማርኛ “ጧሪ ቀባሪ” የሚሉትን ሁለት ቃላት አጣምሮ ነው የሚናገራቸው። ልጅ ያልወለደ ሰው “ጧሪ ቀባሪ የለውም” ይባላል። የሚጦረውና የሚቀብረው ያው አንድ ሰው ይሆናል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። ኑሮው ግን ሁለቱን ከለያያቸው ቆየ።

ቡለን ወረዳ ውስጥ አንድ አዛውንት ዛሬ ሌሊት ቢያርፉ ነገ ጠዋት እድሩ ይነሣል። ድንኳን ይተከላል፣ መቀመጫ ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ መቃብር ቆፋሪ ይመደባል። የቀረ ሰው ይቀጣል። አዛውንቱ ከመሞታቸው በፊት በነበሩት ዓመታት ውኃ ማን ይቀዳላቸው እንደነበር፣ እንጨት ማን ይፈልጥላቸው እንደነበር፣ ዓይናቸው ሲደክም ጤና ጣቢያ ማን ይዟቸው እንደሚሄድ ግን በደንብ ጽፎ፣ አባል መድቦ፣ የቀረውን የሚቀጣ ማኅበር የለም። መቅበር ሥርዓት አለው። መጦር ለየቤቱ ዕድል የተተወ ነው።

ይህ ችግር የቡለን ብቻ አይደለም። ቡለን ላይ ግን ጎልቶ የሚታይበት ምክንያት አለ።

ቡለን በመተከል ዞን ውስጥ ናት። ሺናሻ፣ ጉሙዝ፣ አማራ፣ ኦሮሞና አገው አብረው የሚኖሩባት፣ አብዛኛው ሰው ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎና አኩሪ አተር እያረሰ የሚያድርባት ወረዳ ናት። የክልሉ ዋና ከተማ አሶሳ ከአባይ ወዲያ ማዶ ነው። በመተከልና በአሶሳ መካከል ትልቁ ወንዝ ስለሚገባ ከቡለን ተነሥቶ የክልል ቢሮ ድረስ አቤት ለማለት መሄድ ለጎልማሳም ከባድ ነው፤ ጉልበቱ ለከዳው ሰው የሚታሰብ አይደለም።

በእንዲህ ያለ የአራሽ አገር የአረጋዊ ጡረታው መሬቱ ነው። ጉልበት ሲያልቅ መሬት ለጎረቤት ወጣት በእኩል ይሰጣል፤ ወጣቱ በራሱ በሬና ጉልበት ያርሳል፣ ምርቱ ለሁለት ይከፈላል። ዝናብ ከዘነበ፣ ወጣቱም ታማኝ ከሆነ ሽማግሌው ጎተራቸው አይጎድልም። ሁለት በሬ ያላቸው ደግሞ በሬውንም ጨምረው የተሻለ ድርሻ ያገኛሉ። ወረቀት የለውም፣ መዋጮ የለውም፣ ግን ይሠራል። በትክክል የሚሠራው ታዲያ ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ መሬቱ የሚደረስበት ከሆነ፣ በሬው ካለ፣ ወጣቱም በአካባቢው ካለ።

በ2013 ዓ.ም. ሦስቱም በአንድ ጊዜ ተነሡ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊቱ ሲነጋጋ በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በተፈጸመው ጥቃት ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በመጀመሪያው መግለጫው አስታውቆ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ መተከልን ጎብኝተው በሄዱ ማግሥት መሆኑ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ነው። በዚያ ሰሞን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ቡለን ከተማና ወደ ሌሎች ከተሞች ተሰደደ፤ ብዙዎች ድንበር ተሻግረው አዊ ዞን ቻግኒ አጠገብ ራንች በሚባለው መጠለያ ሰፈሩ።

ስለዚያ ጊዜ ሲወራ የሚቆጠረው የሞተውና የተፈናቀለው ነው፤ ያስፈልጋልም። ዕድሜ ግን አይቆጠርም። ቤት በእሳት ሲያያዝ ቀድሞ የሚያመልጠው እግር ያለው ነው። መጠለያ ውስጥ ደግሞ እህል ሲታደል ቀድሞ የሚደርሰው ያው ነው። የዕርዳታ ስንዴ መደበኛ መጠን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው። ብቻቸውን ለሚኖሩ እናት 15 ኪሎ መሸከምም ማስፈጨትም ሁለት ሥራ ነው፤ የሚሸከምላቸው ሰው በነጻ አይሸከምም፣ ወፍጮም በነጻ አይፈጭም። ስለዚህ በወረቀት 15 ኪሎ የተቀበሉት እናት ቤታቸው የሚገባው ከዚያ ያነሰ ነው። ትልቅ የፖለቲካ ጉዳይ አይመስልም፤ በረሃብና በመጥገብ መካከል ያለው ልዩነት ግን እዚያ ላይ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ ከታጣቂዎች ጋር የሰላም ስምምነት ከፈረመ በኋላ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው። መመለስ ለ30 ዓመት ወጣትና ለ70 ዓመት አዛውንት አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ወጣቱ ጎጆ ይቀልሳል፣ ጥጃ ያሳድጋል፣ ካልሆነለት አሶሳ ወይ ባሕር ዳር ወርዶ የቀን ሥራ ይፈልጋል። አዛውንቱ በ40 ዓመት ያፈሩትን በሬና ጎተራ እንደገና ለማፍራት ሌላ 40 ዓመት የላቸውም። በእኩል የሚያርስላቸው ልጅ ከሄደበት ካልተመለሰ መሬቱ ጦም ያድራል። “መልሶ ማቋቋም” የሚባለው ዕቅድ ደግሞ የሚሰላው በዘርና በማዳበሪያ፣ በቆርቆሮና በምስማር ነው። ዘር መዝራት ለማይችል ሰው ምርጥ ዘር መስጠት ምን ይሠራል?

ሕጉ ምን ይላል ቢባል፣ ሕጉ ጥሩ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ ያዝዛል። በአፍሪካ ኅብረት በ2008 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የጸደቀው የአረጋውያን መብት ፕሮቶኮል አለ፤ ኢትዮጵያም ተቀብላ አጽድቃዋለች። ስለ ተፈናቃዮች የወጣውን የካምፓላ ስምምነትም በ2012 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ስምምነቱ ልዩ ጥበቃ ያሻቸዋል ብሎ በስም ከጠቀሳቸው መካከል አረጋውያን ይገኙበታል። ቡለን ያሉ አዛውንት እነዚህን ሁሉ ቢያነቡላቸው መልሳቸው “ላም አለኝ በሰማይ” ቢሆን አይፈረድባቸውም። “አቅም በፈቀደ መጠን” የምትለዋ ሐረግ ያለ ቁጥርና ያለ ቀን ስትቀመጥ ምንም እንዳይደረግ ፈቃድ ትሆናለች።

ገንዘብ የሚሰጥበት መንገድ በሀገሪቱ የለም ማለት ግን አይቻልም። ሁለት አለ፤ ሁለቱም ቡለንን አልፈው ይሄዳሉ።

አንደኛው የጡረታ ሥርዓቱ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ እያዋጡ በ60 ዓመት ጡረታ ይወጣል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ድርጅት ሠራተኞችም ተካተዋል። መምህሩ፣ ነርሷ፣ ፖሊሱ በዚህ ይገባሉ። ዕድሜ ልኩን ያረሰ ሰው፣ ዕድሜ ልኳን ጠላ ጠምቃ ልጆች ያሳደገች እናት ግን አሠሪ ስለሌላቸው ጡረተኛ አይደሉም። ግብር ግን ከፍለዋል። የመሬት ግብር ደረሰኝ በየቤቱ ጣራ ሥር ተሰክቶ ይገኛል።

ሁለተኛው ሴፍቲኔት ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር ልማታዊ ሴፍቲኔት ሠርተው መብላት የሚችሉትን በማኅበረሰብ ሥራ ያሰማራል፤ አረጋውያንን፣ ሕሙማንንና አካል ጉዳተኞችን ደግሞ ያለ ሥራ በቀጥታ ይደግፋል። ለአረጋዊ ከዚህ የተሻለ ነገር በገጠር ኢትዮጵያ አልታየም። ነገር ግን ወረዳ የተመረጠበት መስፈርት ዕድሜ ሳይሆን ተደጋጋሚ የምግብ እጥረት ነበር፤ ለዓመታት ተከታታይ የምግብ ዕርዳታ ሲቀበል የኖረ ወረዳ ገባ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዝናብ ያለው፣ ለም፣ ትርፍ አምራች ተብሎ የሚታወቅ ክልል ስለሆነ ከተመረጡት አልነበረም። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር አሶሳ ገባች፤ በኋላም ወደ ሌሎች ከተሞች ሰፋ። የበኩጂ ገበሬ ግን የከተማ ሰው አይደለም።

ውጤቱ ለጆሮ እንኳ ይከብዳል። ሁለት ጎረቤት ያጡ፣ እኩል የደከሙ ሁለት የ75 ዓመት እናቶች አሉ እንበል። አንደኛዋ ሰቆጣ አጠገብ፣ ሁለተኛዋ ቡለን ይኖራሉ። የመጀመሪያዋ ወረዳቸው በረሃብ ስለሚታወቅ የቀጥታ ድጋፍ ሊያገኙ ይችላሉ። የሁለተኛዋ ወረዳ ዝናብ ስለሚያገኝ ምንም የለም። እርጅና ግን ዝናብ አይቶ አይመጣም።

እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚሰማ ክርክር አለ። “እኛ እንደ ፈረንጅ አይደለንም፤ ሽማግሌ በልጁ ቤት ነው የሚያረጀው፤ መንግሥት ከገባበት ልጅ እጁን ይሰበስባል” ይባላል። ግማሹ እውነት ነው፤ የቤተሰብ ሕጉም ወላጅን የመቀለብ ግዴታ በልጅ ላይ ይጥላል። ልጁ ራሱ መጠለያ ድንኳን ውስጥ ሦስት ሕፃናት ይዞ ተራ ሲጠብቅ ግን ሕጉ ማንን ሊከስ ነው? ደግሞስ እጁ ላይ በወር የምትገባ ጥቂት ብር ያለችው አባት በልጁ ቤት የበለጠ ይከበራል እንጂ አይጣልም። ለልጅ ልጁ ደብተር የሚገዛ አያት ሸክም አይባልም። ባህል ባዶ እጅ ላይ ሲያርፍ ይደክማል።

የጎረቤቶች ተሞክሮም ይህንኑ ያሳያል። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. በ2016 ዕድሜያቸው 70 ለሞላ ሁሉ፣ ሀብታም ደሃ ሳትል፣ በወር 20 ሺህ የታንዛኒያ ሽልንግ መክፈል ጀመረች። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ70 በላይ ለሆኑት በወር 2 ሺህ ሽልንግ የሚከፈልበትን ሥርዓት ዘረጋች። ኡጋንዳ በወር 25 ሺህ ሽልንግ ከጥቂት ወረዳዎች ጀምራ ሀገር አቀፍ ስታደርገው ገንዘቡ ስላልበቃት ዕድሜውን ወደ 80 ከፍ አደረገችው። ሁሉም ክፍያው ትንሽ ነው፣ ይዘገያል፣ ይማረራሉ። የአውሮፓ ሀብት ግን የላቸውም፤ ጀምረውታል።

ሒሳቡን በቡለን ልክ መሥራት ይቻላል። ለአንድ ሺህ አረጋውያን በወር አንድ ሺህ ብር ቢሰጥ በዓመት 12 ሚሊዮን ብር ነው። ለአንድ ወረዳ ብቻውን ይከብዳል። ለክልልና ለፌዴራል መንግሥት ግን የጥቂት ላንድክሩዘሮች ዋጋ ነው። አንድ ሺህ ብር በዛሬ ገበያ ምን ይገዛል የሚል ካለ፣ ትክክል ነው፤ ብዙ አይገዛም። ለወፍጮ፣ ለጨው፣ ለዘይትና ለተሸካሚ ግን ይበቃል፤ ከላይ የተባለው 15 ኪሎ ስንዴ ሙሉውን ቤት እንዲገባ ያደርጋል።

ከሁሉ የሚገርመው መንግሥት ሽማግሌ እንደሚያስፈልገው አጥብቆ ማወቁ ነው። በመተከል ግጭት በተነሣ ቁጥር ቀድመው የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ሺናሻ ኔሞ የሚለው የዳኝነት ሥርዓት አለው፤ ጉሙዝ ማንግማ የሚባል የዕርቅ ሥርዓት አለው፤ ሁለቱም በዕድሜ ጠገብ ሰዎች የሚሠሩ ናቸው። ደም የሚደርቀው፣ ካሳ የሚቆረጠው፣ “ከእንግዲህ አንነካካም” ተብሎ የሚማለው በእነሱ ፊት ነው። የጸጥታ ስብሰባ ሲጠራ ከመድረኩ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ የታሸገ ውኃ ይሰጣቸዋል፣ ምርቃት ይጠየቃሉ፣ ካሜራ ይነሣቸዋል። ስብሰባው ሲያልቅ አጀንዳውም ያልቃል። በወረዳ ደረጃ የአረጋውያን ጉዳይ የሚታየው ሴቶችንም፣ ሕፃናትንም፣ አካል ጉዳተኞችንም፣ ስደተኛ ተመላሾችንም በሚይዝ አንድ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ሠራተኛው ጥቂት፣ በጀቱም ከደመወዝ የሚያልፍ አይደለም።

ከመንግሥት ውጭ ያለው ክንድ ደግሞ ሩቅ ነው። መቄዶንያ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራው ሥራ የሚደነቅ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. በየካቲት በቀጥታ ስርጭት በተደረገው የገቢ ማሰባሰቢያ ሕዝቡ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ማዋጣቱም ኢትዮጵያዊ ለአረጋዊ እንደማይጨክን አሳይቷል። ነገር ግን መቄዶንያ ጎዳና ላይ የወደቀውን የሚያነሣ ድርጅት ነው። የቡለን አዛውንት ጎዳና ላይ አልወደቁም፤ ቤታቸው ውስጥ ናቸው፣ መሬታቸውም አለ። ለእሳቸው የሚያስፈልገው ሕንፃ አይደለም። ከቀያቸው አውጥቶ ተቋም ማስገባትም ለብዙዎቹ ሁለተኛ መፈናቀል ነው።

ለዚያ ቅርብ የሆነው እድሩ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከቀብር አልፈው ሕያዋን አባሎቻቸውን ወደ መርዳት የተሻገሩ እድሮች አሉ። በትግራይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ክልሎች የተስፋፋው የማኅበረሰብ እንክብካቤ ጥምረትም በቀበሌ ደረጃ እህልና ገንዘብ እያሰባሰበ ለደከሙት ያደርሳል። ቡለን ይህን ለመጀመር አዋጅ መጠበቅ አይኖርባትም። የእድር ደንብ ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር ይቻላል፦ ዕድሜው የገፋ አባል ብቻውን የሚኖር ከሆነ ውኃና እንጨት በተራ ይቀርብለታል፣ መሬቱ ጦም እንዳያድር በደቦ ይታረስለታል፣ የቀረ እንደ ቀብሩ ሁሉ ይቀጣል። ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የመክፈል አቅም የሌላቸውን መንግሥት እንዲከፍልላቸው ሲመለመሉም እድሩ ስም ዝርዝር ይዞ ቢቀርብ የሚረሱት ይቀንሳሉ። ይህ ግን የመንግሥትን ድርሻ አይተካም። ደሃ ደሃን እንዲጦር ብቻ መጠበቅ ፖሊሲ ሊባል አይችልም።

አንድ እንቅፋት ይቀራል፤ ዕድሜ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ የጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ 70 የሞላቸው ሰዎች የልደት ወረቀት የላቸውም፤ ዕድሜያቸውን የሚቆጥሩት ንጉሡ ሲወርዱ ስንት ልጅ እንደነበራቸው እያሰቡ ነው። ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ ዕድሜ ሲመሰክር ብዙም አይሳሳትም፤ ቀበሌው በሦስት ምስክር ሊያጸድቀው ይችላል።

በየዓመቱ መስከረም 21 የዓለም የአረጋውያን ቀን ይከበራል፤ ንግግር ይደረጋል። የወረዳ በጀት የሚጸድቀው ግን በሐምሌ ነው። ከዚያ በፊት ለምክር ቤቱ መቅረብ ያለበት ቁጥር ነው፦ ቡለን ውስጥ ከ70 በላይ የሆኑ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ መሬታቸው የማይታረስ ስንት ሰዎች አሉ? በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ የቤተሰብ ፎልደርም ይይዛሉ። የየቤቱን ሰው ከነዕድሜው የሚያውቁት እነሱ ስለሆኑ ቆጠራው ከእነሱ ሊጀመር ይችላል።