«ነፃ» ጨዋታ ወይስ ቁማር?

በወልዲያ፣ በመርሳም ሆነ በሐብሩ ገጠር ልጃችሁ ከመግሪብ በኋላ ስልክ ይዞ ጥግ ሲቀመጥ «ጨዋታ ነው» ብላችሁ አትለፉ። «ነፃ» ከተባሉት ጨዋታዎች ብዙዎቹ የሚያተርፉት ከማስታወቂያና በውስጣቸው ከሚሸጡት ነገር ነው። በአንዳንዶቹ ልጁ ከፍሎ «የዕድል ሣጥን» ይከፍታል፤ ምን እንደሚወጣለት ግን አያውቅም። ይህ ቁማር ካልሆነ ቁማር ምንድን ነው? የቤልጅየም የቁማር ተቆጣጣሪ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2018 በፊፋ 18 የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ የነበረውን እንዲህ ያለ ሽያጭ ቁማር ነው ብሎ ፈርጆታል። በሱረቱል ማኢዳ ቁማር ከአስካሪ መጠጥ ጋር የተከለከለብን እኛ ከእነርሱ ዘግይተን ልንነቃ ነውን? ስልኩን መስበር መፍትሔ አይሆንም። ዛሬውኑ ጨዋታውን ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ክፈቱት፤ ዕድል የሚሸጥ ሆኖ ካገኛችሁት ምክንያቱን ነግራችሁት አጥፉት። ልጅ አማና ነውና አላህ (ሱ.ወ.) ይጠይቀናል።