አክተር አይሞትም፤ ግን ያድጋልን?

አቃቂ በሰቃ ያደግን ልጆች ፊልምን የለመድነው በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ነው። በዚያ ቤት አንድ የማይሻር ሕግ ነበረ፤ አክተር አይሞትም። ጥይት እንደ በረዶ ቢወርድ፥ ፎቅ ቢናድ፥ እርሱ ይተርፋል፤ እኛም ይህን አምነን ሳንቲማችንን እንከፍላለን። ዛሬ በዶርም ተሰብስበን ሱፐርሂሮ የሚባሉትን ባለ ልዩ ኃይል ጀግኖች በክፍል ሁለትና በክፍል ሦስት ስንመለከት ግን ሌላ ጥያቄ ያነታርከናል። አለመሞቱስ ይሁን፤ ለመሆኑ ይህ ሰው ካለፈው ፊልም ምን ተምሮ መጣ?

ብዙውን ጊዜ ምንም። በ1980 የወጣውን ሱፐርማን ክፍል ሁለትን እንውሰድ (የፊልሞቹን ዘመን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ክላርክ ስለ ሎይስ ፍቅር ሲል ኃይሉን ይተዋል፤ በአንድ ምግብ ቤት እንደ ማንኛውም ሰው ተደብድቦ የገዛ ደሙን ያያል። ከዚህ የበለጠ ምን መነሻ ይገኛል? ዳሩ ግን ፊልሙ ኃይሉን ይመልስለትና በመጨረሻ በአንድ መሳም የሎይስን ትዝታ አጥፍቶ ሁሉን እንዳልነበረ ያደርገዋል። አይረንማንም በ2013ቱ ክፍል ሦስት የብረት ልብሶቹን ሁሉ ያፈነዳል። በ2015ቱ የአቬንጀርስ ፊልም መክፈቻ ላይ ግን እንደገና ለብሶ ሲበር እናገኘዋለን፤ ለምን እንደ ተመለሰ የሚነግረን የለም። ፈተናውን ያለፈን ተማሪ መስከረም ሲጠባ እዚያው ክፍል መልሶ ማስቀመጥ ማለት ይህ ነው።

«ለመዝናኛ የተሠራ ነገር፥ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። እኛ ግን መዝናናቱንም የሚገድለው ይኸው ነው እንላለን። ያጣው ሁሉ እንደሚመለስለት የምናውቀው ሰው ሲቆስል ማን ይደነግጣል?

ሌላ መንገድ ለመኖሩ ምስክራችን ሳም ሬይሚ በ2004 ያቀረበው ስፓይደርማን ክፍል ሁለት ነው። ፒተር ፓርከር ተማሪ ነው፤ የቤት ኪራይ ውዝፍ አለበት፥ ከትምህርቱ ይቀራል፥ ከፒዛ አድራሽነቱም ይባረራል። ፊልሙን የወደድነው የራሳችንን ኑሮ ስላየንበት አይደለም ብንል ማን ያምነናል! ሰው ሁሉ የሚያደንቀው የባቡሩን ትግል ነው፤ የድሮው የጅቡቲ ሐዲድ በሰፈራችን ስለሚያልፍ እኛም ባቡር አንጠላም። የፊልሙ ልብ ግን አንድ ተራ ጠረጴዛ ነው። ፒተር ከአክስቱ ከሜይ ጋር ቁጭ ብሎ፥ አጎቱን የገደለውን ሌባ አስቀድሞ ማስቆም ሲችል በእልህ እንዳሳለፈው ይናዘዛል። አሮጊቷ እጃቸውን ከእጁ አውጥተው አንድ ቃል ሳይናገሩ ተነሥተው ይሄዳሉ። በክፍል አንድ የገባበትን ዕዳ በክፍል ሁለት መክፈል ጀመረ፤ በዚያች ሰዓት ግድግዳ መውጣት ምንም አልረዳውም።

የብላክ ፓንተር ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ቻድዊክ ቦስማን በ2020 ሲያርፍ የቪዲዮ ቤታችን ሕግ በእውን ፈረሰ፤ አክተሩ ሞተ። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር ሌላ ተዋናይ በቦታው ተክቶ ምንም እንዳልሆነ ማድረግ ይችል ነበር። አላደረገም፤ በ2022ቱ ተከታይ ፊልም ሐዘኑን ለእኅቱ ለሹሪ አሸከማት። ያ ሁሉ ሳይንስዋ ወንድሟን ማዳን ያቃተው ልጅ የጀግናውን ኃይል ስትቀበል በራእይ የምታገኘው ወንድሟን ሳይሆን የወንድሟን ጠላት ነው፤ እርሱም ለበቀል ይገፋፋታል። ፊልሙ ረዝሟል፥ ብዙ ጉዳይም ተጭኖበታል፤ ሆኖም በመጨረሻ የምናያት ሹሪ የፊተኛይቱ ሹሪ አይደለችም።

ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሽማግሌዎቻችን የቋራውን ካሣ ሲተርኩ በ1847 ዓ.ም. የነገሡትንና በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የወደቁትን ቴዎድሮስን አያምታቱም፤ ተዋበችን ካጡ በኋላ ንጉሡ ሌላ ሰው እንደ ሆኑ አድርገው ነው የሚነግሩን። ተዋበችን በመሳም የሚመልስ ተራኪ አልሰማንም።

አሁን ደግሞ የራሳችን ሱፐርሂሮ አለን። በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣው «ጀምበር» ፊልም ሳይሆን የኮሚክ መጽሐፍ ነው፤ ባለ ታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ከእኛ ቀድመው ከተመረቁት ስንቶቹ ማስረጃቸውን በፕላስቲክ ይዘው ከአቃቂ ቃሊቲ፥ ከቃሊቲ መገናኛ ሲንከራተቱ እናያለን! እንግዲህ ይህ ጀግና አንድ ቀን በፊልም ክፍል ሁለት ላይ ቢደርስ፥ ጠላቱ የቱንም ያህል ግዙፍ ይሁን፥ እኛ ከአግዳሚው ላይ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ያ የሥራ ማመልከቻ የት ደረሰ?