የጥያቄ ምልክቱ ጌታ

ሉዊ ፖዌልን የሚያደንቁ የፈረንሳይ ወግ አጥባቂዎች የሚሉት አንድ ነው፦ ግራ ዘመሞች የያዙትን የፓሪስ ፕሬስ ብቻቸውን የደፈሩ አዘጋጅ ናቸው። ድፍረቱን አልክድም። «ብቻቸውን» የሚለው ግን አይዋጥልኝም። እ.ኤ.አ. በ1978 «ፊጋሮ ማጋዚን»ን ሲጀምሩ ከኋላቸው የጋዜጣ ከበርቴው ሮቤር ኤርሳን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከ«ፊጋሮ» ጋዜጣ ጋር የሚሸጥ፣ በማስታወቂያ የደለበ ባለ ቀለም መጽሔት ይዞ «አፌ ተለጎመ» ማለት ትንሽ ያሳፍራል።

እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ የሙያ ስልታቸው ነው። ፖዌል ከጦርነቱ በኋላ በ«ኮምባ» ጋዜጣ በዋና አዘጋጅነት የሠሩ ሰው ናቸው። ስማቸው የገነነው ግን በ1960 ከዣክ ቤርዢዬ ጋር ባሳተሙት «የአስማተኞች ንጋት» ነው። አልኬሚ፣ የጠፉ ሥልጣኔዎች፣ የናዚዎች ምሥጢራዊ እምነት፣ ሁሉም እዚያ ተዘርግፏል። ደራሲዎቹ «ሆኗል» ብለው አይምሉም፤ «ቢሆንስ?» ብለው አንባቢን ያማልላሉ። በዓመቱ የተከፈተው «ፕላኔት» መጽሔትም በዚሁ መንገድ ገበያው ደራ። የጠየቀን ሰው ደግሞ ዋሸህ ብሎ መያዝ አይቻልም።

ይህ ስልት ስለ ጠፉ ሥልጣኔዎች ሲሆን ማንንም አይጎዳም ነበር። በጥቅምት 1985 ግን ስለ ጎረቤት ሆነ። በ«ፊጋሮ ማጋዚን» ሽፋን ላይ የሪፐብሊኩ ምልክት ማሪያን በሙስሊም ሴቶች መሸፈኛ ተከናንባ ወጣች፤ አብሯትም «ከ30 ዓመት በኋላ ፈረንሳያውያን ሆነን እንገኝ ይሆን?» የሚል ጥያቄ። ውስጡ የልቦለድ ደራሲው ዣን ራስፓይ ከአንድ የሥነ ሕዝብ ምሁር ጋር እስከ 2015 የተነበዩት ስሌት ነበር። ሌሎች የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ስሌቱ የመጤ እናቶችን የወሊድ መጠን እያጋነነ ነው ብለው ነቀፉት። ነቀፌታው ለጥቂቶች ደረሰ፤ ሽፋኑ ግን በየኪዮስኩ ተሰቅሎ ከረመ። ደራሲና የቁጥር ባለሙያ በአንድ ገጽ ሲያብሩ የትኛው ልቦለድ፣ የትኛው ቁጥር እንደሆነ ለአንባቢው መንገር የአዘጋጁ ሥራ ነበር።

በታኅሣሥ 1986 የጥያቄ ምልክቱም ቀረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የደቫኬን የዩኒቨርሲቲ ማሻሻያ ረቂቅ ሕግ ተቃውመው አደባባይ ሲወጡ፣ ፖዌል ወጣቶቹ የአእምሮ ኤድስ ይዟቸዋል ብለው ጻፉ። እትሙ የወጣው ታኅሣሥ 6 ቀን፣ ቅዳሜ ነው። ለዚያው ቅዳሜ አጥቢያ ሌሊት የ22 ዓመቱ ተማሪ ማሊክ ኡሴኪን በፖሊስ ተደብድቦ ሞተ። ርዕሰ አንቀጹ የተጻፈው ከሞቱ በፊት መሆኑን ልብ እንበል፤ ደሙን በፖዌል ላይ መጫን ግፍ ነው። ነገር ግን ሰልፈኛን እንደ በሽተኛ መሣል ከሞቱ በፊትም ነውር ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ መንግሥት ረቂቁን አነሣ።

ፖዌል በ1997 ሞቱ፤ የትንበያው ቀጠሮ ሳይደርስ ማለት ነው። ብዕራቸው የተባ ጸሐፊ ነበሩ። አዘጋጅ ግን በሽፋኑ ላይ ላሰፈረው ጥያቄ መልሱን ፈልጎ የሚያጣራ ሰው ነው፤ በዚህ ሚዛን ፖዌል ወድቀዋል።