«ዶክተር፣ ቅዳሜ ጨዋታ አለኝ፤ አንድ መርፌ ብቻ ይውጉኝ»



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኳስ ነው። ሶዶ እየኖሩ ስለ ኳስ አለማውራት መቼም አይቻልም። በ2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻ የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያሰናብት እኔ የሕክምና ተማሪ ነበርኩ። የዚያን ቀን ደስታ የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። ከዚያ በኋላ በየሜዳው አቧራ ለብሶ የሚሮጠው ልጅ ህልሙ ሩቅ አይመስለውም፤ ልክም ነው። ግን ያ ህልም የቆመው በሁለት ጉልበት ላይ ነው። እኔም አንዱን ጉልበት ሳበላሽ እጄ አለበት።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ወጣት ተጫዋች ወደምሠራበት ክሊኒክ መጣ። ዕድሜው 20 ቢሆነው ነው። ከ3 ቀን በፊት ልምምድ ላይ ዞር ሲል ጉልበቱ ውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰምቷል፤ በዚያው ማታ አበጠ። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ታሽቷል። እኔ ዘንድ የመጣው ለምርመራ አልነበረም። «ዶክተር፣ ቅዳሜ ጨዋታ አለኝ። አንድ የዲክሎፌናክ መርፌ ብቻ ይውጉኝ» አለኝ።

እረፍት እንደሚያስፈልገው ነገርኩት። እሱ ደግሞ ታናናሾቹን የሚያስተምረው እሱ እንደሆነ፣ ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ወር እንደቀረው፣ ከተቀመጠ ቦታውን ሌላ ልጅ እንደሚወስድበት ነገረኝ። ውጭ ወረፋው ረጅም ነበር። ወጋሁት። አመስግኖኝ ሄደ።

ቅዳሜ ተጫወተ። ከእረፍት በኋላ በቃሬዛ ወጣ። ከወራት በኋላ ያገኘሁት ባጃጅ እየነዳ ነው። ሒሳብ ልስጠው ብል አልቀበልም አለኝ። ያ ቀን እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

መርፌው ጅማቱን አልበጠሰውም፤ ሳይጎዳ አልቀረም ቀድሞም። ግን «ቁም!» የሚለውን ህመም ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ልናገር፦ ያልተመረመረን ጉዳት ለጨዋታ ለማድረስ ተብሎ የሚሰጥ ማስታገሻ ሕክምና አይደለም። ሐኪሙም፣ ነርሱም፣ ፋርማሲስቱም እምቢ ማለት አለብን።

ለምን? ጉልበት ውስጥ የጭንን አጥንት ከቅልጥም አጥንት ጋር አስሮ የሚይዝ ኤሲኤል የሚባል ጅማት አለ። ሲበጠስ ብዙ ጊዜ ድምፅ ይሰማል፣ በሰዓታት ውስጥ ያብጣል፣ ከዚያ ጉልበቱ «ይከዳል»። በዚህ ሁኔታ የሚጫወት ልጅ በአጥንቶቹ መሃል እንደ ትራስ ያለውን ሜኒስከስንም ይቀዳል። በጊዜ የተያዘ ጉዳት ሊታከም ይችላል፤ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ደግሞ ወደ ጨዋታ ለመመለስ 9 ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ትራሱ ካለቀ ግን በ30ዎቹ ዕድሜ የሽማግሌ ጉልበት መያዝ አለ። መድኃኒቱ ራሱም ቀላል አይደለም፤ ሲደጋገም ጨጓራን ያደማል፣ በላብ ውሃ ያጣ ሰውነት ላይ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል።

ችግሩ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2002 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ከ10 ተጫዋቾች 4 የሚጠጉት ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት የህመም ማስታገሻ ይወስዱ እንደነበር የፊፋ ሐኪሞች ጥናት አሳይቷል። አርጀንቲናዊው ባቲስቱታ ኳስ ካቆመ በኋላ ህመሙ ጠንቶበት ሐኪሙን «እግሬን ቁረጥልኝ» እስከማለት እንደደረሰ ራሱ ተናግሯል።

ወደ አገራችን እንምጣ። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አቀና። እዚያ ጉዳት ለረጅም ጊዜ ከሜዳ አራቀው። አያችሁ፣ ጉዳት ኮከብም አይመርጥም። ልዩነቱ ከጉዳቱ በኋላ ያለው ነው፤ በትልቅ ክለብ ውስጥ ያለ ተጫዋች ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒና ደሞዙ እየተከፈለው የሚያገግምበት ጊዜ ይኖረዋል። የኔ ታካሚ የነበረው አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው።

«አንተ ደሞዝህን እየበላህ እምቢ ማለት ይቀልሃል፤ ልጁ ቦታውን ሲያጣ ማን ይከፍለዋል?» የምትሉኝ አላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። እምቢታው የሐኪም ብቻ ከሆነ ዋጋውን የሚከፍለው ልጁ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ድርሻ አለን፦

1. ተጫዋች ከሆንክ፦ ድምፅ ከሰማህ፣ ጉልበትህ ካበጠ ወይም ከከዳህ ጨዋታው ለአንተ አልቋል። በበረዶ ያዘው፣ ተመርመር። ያበጠ ጉልበት አይታሽም!

2. ወላጅ ወይም ታላቅ ወንድም ከሆናችሁ፦ ልጁ ውል ሲፈርም ስለ ፊርማ ገንዘቡ ብቻ አትጠይቁ። «ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል? ደሞዙስ?» በሉ፤ መልሱም ወረቀቱ ላይ ይስፈር።

3. አሠልጣኝ ከሆኑ፦ «ፊፋ 11 ፕላስ» የሚባለው የማሟሟቂያ ልምምድ ከኳስ በቀር ዕቃ አይፈልግም፤ 20 ደቂቃ ብቻ ነው። በሳምንት ቢያንስ 2 ጊዜ በአግባቡ ከተሠራ ጉዳትን በሲሶ ገደማ ይቀንሳል።

4. ደጋፊ ከሆንን፦ ተጎድቶ የተቀመጠን ልጅ «ፈሪ ነው፣ አስመሳይ ነው» ማለት ይቅር። ያ ስድብ ነው እኮ ወደ መርፌው የሚገፋው።

አሁን አንድ ተጫዋች መርፌ ሲጠይቀኝ ወንበር እሰጠዋለሁ፣ ጉልበቱን እመረምራለሁ፣ ለክለቡ የሚያሳየው የሕክምና ማስረጃ እጽፍለታለሁ። አንዳንዱ ያመሰግናል፤ አንዳንዱ ተናዶ ይወጣል። ተናዶ የወጣው ወደ ሌላ ክሊኒክ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ይህን የጻፍኩትም ለዚያ ነው፤ ያኛውም ክሊኒክ እምቢ እንዲለው።

ኳስ የሚጫወት ልጅ ወይም ወንድም ላለው ሰው ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።