የኬራስ ክኒን፦ የሳይንስ ድልና የታማሚው ጥቂት ወራት

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ሶቶራሲብ የተባለውን የሳንባ ካንሰር ክኒን ሲፈቅድ፣ ጉዳዩ ከአንድ መድኃኒት መጽደቅ ያለፈ ትርጉም ነበረው። ክኒኑ የሚያነጣጥረው ኬራስ በተሰኘው ፕሮቲን ላይ ነው። ኬራስ የካንሰር ዋነኛ መንስኤ መሆኑ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ቢታወቅም፣ ለአርባ ዓመታት ያህል «መድኃኒት የማይገኝለት» ሲባል ኖሯል።

ችግሩ የፕሮቲኑ ቅርጽ ነበር። በሳንባ፣ በአንጀትና በቆሽት ላይ የሚያድጉትን የመሰሉ ጠጣር ዕጢዎች ለማከም የሚነደፉ አነስተኛ ሞለኪውሎች፣ እንደ ክኒን ተውጠው የሕዋሱን ግድግዳ አልፈው ይገባሉ። በፀረ እንግዳ አካላት የሚሠሩ መድኃኒቶች ግን ከመጠናቸው ግዙፍነት የተነሣ ውጭ ይቀራሉ። ይሁንና መግባት ብቻውን አይበቃም፤ ሞለኪውሉ የሚያርፍበት ስርጉድ ያስፈልገዋል። ሕዋሱ እንዲባዛ ወይም ከመባዛት እንዲገታ እንደ ማብሪያና ማጥፊያ የሚያገለግለው ኬራስ ደግሞ ገጽታው ልሙጥ ነው። የታወቀውን ስርጉድ ጂቲፒ የተባለ የሕዋሱ ንጥረ ነገር አጥብቆ ስለሚይዘው፣ መድኃኒት ተሻምቶ ሊያስለቅቀው አልቻለም።

መፍትሔው የተገኘው ከበሽታው ከራሱ ነው። በአንዳንድ ታማሚዎች፣ በተለይም በሚያጨሱ ወይም አጫሽ በነበሩ ሰዎች የሳንባ ካንሰር ላይ፣ በኬራስ ሰንሰለት 12ኛ ቦታ ያለው ግላይሲን በሲስቴይን ይተካል። ሲስቴይን በያዘው ድኝ አማካይነት ሌላ ሞለኪውል በጽኑ ሊጣበቅበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኬቫን ሾካትና ባልደረቦቻቸው በዚሁ ሲስቴይን ላይ የሚጣበቁ ሞለኪውሎችን ሲፈትሹ፣ ከዚያ በፊት ያልታየ ስርጉድ አገኙ። ሶቶራሲብ በዚያ ስርጉድ ገብቶ ፕሮቲኑን በጠፋበት ይቆልፈዋል። ጤነኛው ኬራስ ያ ሲስቴይን ስለሌለው አይነካም። ከዚህ የረቀቀ የመድኃኒት ንድፍ ማግኘት አዳጋች ነው።

ድሉ ታማሚው ዘንድ ሲደርስ ግን ይቀንሳል። ለፈቃዱ መነሻ በሆነው ጥናት ከ124 ታማሚዎች ዕጢያቸው በጉልህ የቀነሰላቸው 36 ከመቶ ነበሩ። ቀጥሎ በ345 ታማሚዎች ላይ ከዶሴታክሴል ኬሞቴራፒ ጋር ሲነጻጸር፣ በሽታው ሳይባባስ የቆየው በሶቶራሲብ ለ5.6 ወራት፣ በኬሞቴራፒው ለ4.5 ወራት ነው። በጠቅላላ የዕድሜ ርዝመት ልዩነት አልታየም፤ ዕጢው ከጊዜ በኋላ መድኃኒቱን ማምለጫ መንገድ ያበጃል። በታኅሣሥ 2023 አስተዳደሩ ሙሉ ፈቃድ ሳይሰጥ ቀርቶ፣ አምራቹ አምጀን እስከ የካቲት 2028 ተጨማሪ ጥናት እንዲያጠናቅቅ አዘዘ።

መድኃኒቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በደም ሥር ከሚሰጥ ኬሞቴራፒ ይልቅ ቤት ሆኖ ክኒን መዋጥ፣ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳቱም ያነሰ መሆኑ፣ ለታመመ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ክኒኑ በአሜሪካ ገበያ ላይ ሲውል የወር ዋጋው 17,900 ዶላር ነበር። ከኬሞቴራፒው የሚበልጥበት ጊዜ አንድ ወር ገደማ ለሆነ መድኃኒት ይህ ዋጋ ሊሞገት ይገባዋል።

ከዋጋውም በፊት ሌላ ደጅ አለ። ይህ ለውጥ የሚገኘው አብላጫውን ቁጥር በሚይዘው የሳንባ ካንሰር ዓይነት ከተያዙ አሜሪካውያን በ13 ከመቶው ላይ ብቻ ስለሆነ፣ የዕጢው ዘረመል ሳይመረመር ክኒኑ ለማን እንደሚሆን አይታወቅም። ምርመራው በሌለበት ሆስፒታል መድኃኒቱ በነፃ ቢመጣ እንኳ የሚሰጠው ታማሚ አይለይም። ከነፃው ደግሞ ይልቅ መዘግየቱ የተለመደ ነው፤ በ2001 የተፈቀደው ኢማቲኒብ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር የገባው ከ14 ዓመታት በኋላ በ2015 ነበር።

ተመራማሪዎች አሁን ፊታቸውን ወደ ቆሽት ካንሰር አዙረዋል። ከ10 የቆሽት ዕጢዎች በ9ኙ ገደማ ኬራስ የተለወጠ ነው። በብዛት የሚታየው ለውጥ ግን በ12ኛው ቦታ ሲስቴይንን ሳይሆን አስፓርቲክ አሲድን የሚተካ በመሆኑ የሶቶራሲብ ዘዴ አይሠራበትም። ሌላ መያዣ ፈልገው የተነደፉ ሞለኪውሎች በታማሚዎች ላይ በመሞከር ላይ ናቸው።