ጥያቄ የማይቀበል አስተማሪ

በደቡብ ወሎ በቦረና ወረዳ፣ ከገጠር ቀበሌዎች ወደ መካነ ሰላም ከተማ መጥተው ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ልጆች ኑሯቸው እንዴት እንደሆነ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። እናት በገበያ ቀን እንጀራውን፣ ሽሮውንና በሶውን ቋጥራ ትልካለች፤ ስንቁ ሲያልቅ ልጅቱ ራሷ ዳገቱን ወጥታ ቁልቁለቱን ወርዳ ታመጣለች። በአባይና በበሽሎ ሸለቆዎች መካከል ባለው በዚያ ደጋ አንዲት ልጅ 9ኛ ክፍል እንድትቀመጥ ቤተሰቡ የሚከፍለው ይህን ያህል ነው። እንግዲህ ክፍል ገብታ ምን ታገኛለች ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ፕላዝማ ገባላቸው። ሒሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪውና እንግሊዝኛው በደቡብ አፍሪካ እየተቀረጸ፣ ከአዲስ አበባ በሳተላይት እየተሰራጨ፣ በከተማም በገጠርም በአንድ ሰዓት ይታይ ጀመር። ሐሳቡ የሚናቅ አልነበረም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የምትማር ልጅ የኬሚስትሪውን ሙከራ በዓይኗ እንድታይ፣ ጥሩ የሒሳብ አስተማሪ ያልደረሰው ወረዳም ከዋና ከተማው ጋር እኩል እንዲማር የታሰበ ነበር።

ይሁን እንጂ ፕላዝማው አይቆምም ነበር። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አንደኛ ደረጃን በአማርኛ ተምራ የመጣች ልጅ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በልቧ ስትተረጉም ሦስተኛው አልፏል። መልመጃ ይሰጥና፣ እርሷ ስሌቱን ሳትጨርስ መልሱ ይወጣል። የክፍሉ አስተማሪ ከሥርጭቱ በፊትና በኋላ በተተወለት ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ ያጠቃልላል፤ በመካከል እጅ ቢወጣ ግን ሥርጭቱን ሊያስቆም አይችልም። መብራት የጠፋ እንደሆነ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አመለጠ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የአንዲት ዘመዴን ልጅ ደብተር አገላብጬ አይቼ ነበር። ገጹ ሁሉ ጎዶሎ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ይጀመራል፣ ግማሽ ላይ ይቀራል፣ ከሥሩ ሌላ ይጀመራል። ሰነፍ መስላኝ ተቆጣኋት። የጓደኞቿም ደብተር እንዲሁ መሆኑን ያየሁት ኋላ ነው።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ወደየቤቱ መጣ፤ ያው ችግር አብሮ መጣ። ሬዲዮው ሲናገር ልጅቱ ውኃ ቅጂ ትባላለች፤ ወንድሟ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፤ እርሷ እንስራዋን አውርዳ ስትገባ ትምህርቱ አልቋል። እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ በሬዲዮው አናላክክ፤ እኛ እናቶችም አለንበት።

ዛሬ መሣሪያው ተለውጧል። የተቀረጸ ትምህርት በፍላሽ ወይም በስልክ ሚሞሪ ካርድ ይያዛል፤ ኔትወርክ አይጠይቅም፤ ስልኩ ቀድሞ ቻርጅ ከተደረገ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ከሁሉም በላይ ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። አስተማሪው መካከል ላይ አስቁሞ በአማርኛ ሊያስረዳ፣ ጥያቄ ሊቀበል ይችላል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ደጃቸው ተዘግቶ የቆዩ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸውና፣ ከክፍል ለራቁ ልጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምንም እንኳ የሚያስረዳ ሰው ከአጠገባቸው ካላገኙ ግማሽ መፍትሔ ቢሆንም።

ኮምፒዩተሩ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጥቷል፤ በ2017 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ የተፈተኑት ቁጥራቸው ጨምሯል። እንግዲህ ማውስ መያዝ እንደ እርሳስ መያዝ ሊሆን ነው። ኮምፒዩተር በማይበቃበት ክፍል አንዱን መሣሪያ አምስት ስድስት ልጆች ይከቡትና ማውሱን ደፋሩ ልጅ ይይዛል፤ ሴቶቹ ከኋላ ቆመው በትከሻው ላይ ያያሉ። ማየት ብቻውን ጣት አያፍታታም። ቤቱ ኮምፒዩተር ያለው የአዲስ አበባ ልጅ እና ያቺ ስንቋን ተሸክማ የመጣች የቦረና ልጅ የሚጠብቃቸው ፈተና ግን አንድ ነው።

ስለዚህ እናቶችና ሠራተኛ እኅቶች፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ትምህርት ቤቱ ስንት ኮምፒዩተር እንዳለው ሰምተን ብቻ አጨብጭበን አንመለስ። ልጄ በሳምንት ስንት ደቂቃ በገዛ እጇ ትሠራበታለች? ለሴቶች ተራ ተይዟል ወይ? ብለን እንጠይቅ። ተራው በወረቀት ተጽፎ በክፍሉ በር ላይ ቢለጠፍ የሚያስወጣው ገንዘብ የለም። ቤትም ውስጥ ማታ ስልካችንን «ለጥናት» ብለን ስንሰጥ ለየትኛው ልጅ እንደምንሰጥ ልብ እንበል። ደብተሯን አገላብጡት፤ ግማሽ ላይ የቀረ ዓረፍተ ነገር ካያችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት የት ላይ እንዳመለጣት ጠይቋት።